ያየሁትን ጻፍሁ

መምህር እንዳልካቸው ወደ እኛ ትምህርት ቤት የመጣው በ2001 ዓ.ም. መስከረም፣ ገብሱ ዛላ ሲይዝ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ ገና መውጣቱ ነበር። ዕድሜው ከሃያ ሦስት አይበልጥም፤ አንገቱ ቀጭን፣ ድምፁ ግን ወፍራም ነው። ትምህርት ቤታችን ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው። አራተኛ ክፍል ስልሳ ሁለት ልጆች ነበርን። እሱ እስኪመጣ ድረስ ትምህርት ማለት ለእኛ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ደብተር ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ መሸምደድ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ገባ። ጆንያውን ተርትሮ አጥቦታል። ግድግዳው ላይ በምስማር ወጠረና መሐሉ ላይ ትልቅ ክብ ሠራ። ክቡ ውስጥ «ውኃ» ብሎ ጻፈ።

«ስለ ውኃ የምታውቁትን ንገሩኝ» አለ።

ደብተራችንን ገለጥን። መጽሐፉን ገና አልተማርነውም።

«መጽሐፉ የሚለውን አይደለም የምጠይቃችሁ። እናንተ የምታውቁትን ነው።»

ከኋላ አንዲት ልጅ «ይከብዳል» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ አልሳቀም። ከክቡ አንድ መስመር አወጣ፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ሠርቶ «ይከብዳል» ብሎ ጻፈ። «ማንን ነው የሚከብደው?» አለ። «ሴቶችን!» ተባለ። ሌላ መስመር፣ ሌላ ክብ። «ለምን ሴቶችን?» «ምንጩ ሩቅ ነዋ!» ደወሉ ሲደወል ጆንያው በመስመርና በክብ ተሞልቶ ነበር። ስለ ውኃ ይህን ሁሉ የምናውቅ መሆናችንን እስከዚያ ቀን ድረስ አላወቅንም።

«ይህ የሐሳብ ካርታ ይባላል» አለን። «ጭንቅላታችሁ ውስጥ ተበታትኖ ያለውን አውጥታችሁ ስታሰፍሩት የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ታያላችሁ። ዓይናችሁ ያየውን ጻፉ። የሚገናኘውን በመስመር አገናኙ። ሌላው ራሱ ይመጣል።»

እኔ በዚህ ነገር አበድሁ። አፈር ላይ በእንጨት፣ ግድግዳ ላይ በከሰል፣ ያየሁትን ሁሉ ክብ ውስጥ እየከተትሁ አሰፍር ጀመር። ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ ጌጤ ትባላለች። አባቴ ዋሴ ከሁለት ዓመት በፊት ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ታሞ መጣ፤ በዓመቱ ሞተ። ወባ ነው አሉኝ። እኔም ወባ ነው ብዬ አመንሁ፤ ወባ ሰውን አንድ ዓመት ሙሉ እያከሳ እንደማይገድል ማን ይነግረኛል?

በዚያ ሰሞን እናቴን ደምሌ የሚባል ሰው ሊያገባት ሽማግሌ ይልክ ነበር። ደምሌ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት፣ ጨዋ፣ የሁለት በሬ ጌታ ነው። የእኛን ማሳ የሚያርስልን ሰው አልነበረንም፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ትጠብቃለች?» ይላል። ደምሌ በመጣ ቁጥር ለእኔ ሸንኮራ ያመጣልኛል። እኔ በበኩሌ ገና ሸንኮራውን ሳልጨርስ አባት አድርጌው ነበር።

እናቴ ግን እምቢ አለች። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። በመጨረሻ የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ሚካኤል ራሳቸው መጡ። እኔን «ጥጃዎቹን አስገቢ» ብላ አስወጣችኝ። ጥጃዎቹን ትቼ ከቤቱ ኋላ ጭድ ክምር ሥር ተቀመጥሁ። አባ ቀስ ብለው ይመክራሉ፤ «ብቻሽን ነሽ፣ ልጅም አለሽ» ይላሉ። በመጨረሻ እናቴ እንዲህ አለች፦

«አባቴ፣ እርስዎ ያውቁታል። እኔ ይህን ሰው ገድዬ ነፍሴን አላስኮንንም።»

አባ ከዚያ በኋላ አልመከሩም። መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ።

እኔ ጭዱ ሥር ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ደምሌን ልትገድለው ትፈልጋለች፤ ኩነኔ ፈርታ ነው የተወችው። የተረዳሁት ይህን ነው። ምን እንዳደረጋት ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፊቱን አጠናሁ። ምንም የለበትም። ደምሌ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከስማዳ ሌላ ሴት ሲያገባ ደግሞ ከሠርገኛው ሁሉ አብልጣ እልል ያለችው እናቴ ነበረች። ያን ዕለት እናቴ ትንሽ ነክቷት እንደሆነ ጠረጠርሁ። ዛሬ የደምሌ ልጆች አራት ናቸው፤ ሁሉም ጤነኛ ናቸው። ያን እልልታ ዛሬ ነው የምሰማው።

ከዚያ ሠርግ በፊት፣ ኅዳር ላይ የወላጆች ቀን ደረሰ። መምህር እንዳልካቸው ለሁላችን አንድ የቤት ሥራ ሰጠን። «የምትወዱትን አንድ ሰው መሐል አድርጉ። ስለዚያ ሰው በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ በጆሯችሁ የሰማችሁትን ዙሪያውን ጻፉ። ወላጆቻችሁ ሲመጡ ገመድ ላይ እንሰቅለዋለን፤ እያንዳንዱ ወላጅ ልጁ ምን ያህል እንደሚያስተውለው ያይ።»

አንድ ሳምንት ሙሉ እናቴን ስከታተላት ሰነበትሁ። እሷ አላወቀችም፤ ወይም እኔ አላወቀችም ብዬ ነበር። አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ መሐል ክብ ሠርቼ «እናቴ» ብዬ ጻፍሁ። ዙሪያውን እንዲህ አሰፈርሁ፦ ከሁሉ በፊት ትነሣለች። ዘፈን አትወድም። ምላጯን ለማንም አታውስም፣ ለእኔም። በየወሩ ነፋስ መውጫ ትሄዳለች፤ አርብ ገበያ ግን ቅርብ ነው። ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ብልቃጥ ትደብቃለች። ጧትና ማታ ክኒን ትውጣለች፤ ግን አላመማትም። ደምሌን አላገባም ብላለች። ሰው መግደል አትፈልግም። አባቴ በወባ ሞተ።

ከዚያ እንደተማርሁት የሚገናኘውን በመስመር አገናኘሁ። ብልቃጡን ከነፋስ መውጫ ጋር፣ ምክንያቱም ከዚያ ስትመጣ ነው አዲስ ብልቃጥ የሚኖረው። መግደሉን ከደምሌ ጋር። አባቴን ከእናቴ ጋር። ጠርዙን በአደይ አበባ ቢጫ ለማቅለም ስል ሌሎቹ ልጆች ሐሙስ ዕለት ሲያስረክቡ የእኔ አልደረሰም። አበባው አብዛኛው ደርቆ ነበር፤ ጥቂት ርጥብ እስካገኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መምህሩ የሌሎቹን ሁሉ አንብቦ፣ አርሞ ነው የሰቀለው። የእኔን አላየውም።

ቅዳሜ ጧት ስደርስ ወላጆች ግቢውን ሞልተውታል። መምህሩ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። እኔ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በሁለት ሥራዎች መሐል ባገኘሁት ክፍት ቦታ፣ ገመዱ ላይ በእሾህ ወግቼ ሰቀልሁት። ከሁሉም የእኔ ያምራል። ቢጫ ጠርዝ ያለው እሱ ብቻ ነው።

የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ክንዱ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ማንበብ ይችላሉ፣ ማንበብ መቻላቸውም ደስ ይላቸዋል። ፊደል ላልቆጠሩት ወላጆች ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እየተሻገሩ በትእዛዝ ድምፅ ያነቡላቸዋል። ሰዉ አብሯቸው ይንቀሳቀሳል። እናቴ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። እኔን ስታየኝ ፈገግ አለች።

አቶ ክንዱ የእኔ ጋ ደረሱ። «የጌጤ ልጅ ፋሲካ ናት! እናቴ ይላል። ከሁሉ በፊት ትነሣለች!»

«እውነት ነው!» አለ ሰዉ።

«ምላጯን ለማንም አታውስም!»

ሳቅ ሆነ። አንዲት ሴት «አንቺ ጌጤ፣ ለምላጭም ትሰስቻለሽ?» አለቻት። እናቴም ሳቀች፤ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«በየወሩ ነፋስ መውጫ...»

በዚህ መሐል አንድ እጅ በአቶ ክንዱ ትከሻ ላይ አልፎ ወረቀቱን ገነጠለው። መምህር እንዳልካቸው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዓይኑን የጣለበት፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ይህ አይነበብም» አለ ጮክ ብሎ። «ከሌላ ልጅ የገለበጠችው ነው። ፊደሉም የተበላሸ ነው። ዜሮ ነው የሰጠኋት፤ በስሕተት ነው የተሰቀለው።»

ወረቀቱን ለአራት ቀዶ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። «ውይ፣ ኩረጃ!» አለ አንዱ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ከማንም አልገለበጥሁም። ፊደሌም ከክፍሉ ሁሉ ያምራል፤ ራሱ ነበር ያለኝ። አስታውሳለሁ፣ ያፈርሁት እናቴ ፊት በመሆኑ ነው። ወደ እሷ አየሁ። እሷ ግን እኔን አላየችኝም፤ የምታየው የመምህሩን ኪስ ነበር።

ማንበብ አትችልም ነበር። ሆኖም የተጻፈውን ከማንም በፊት ያነበበችው እሷ ናት ብዬ አስባለሁ። አቶ ክንዱ አራት መስመር ቢጨምሩ ኖሮ ቀሪው ሰው ሁሉ ያነበው ነበር። በዚያ ዘመን በእኛ አገር አንዲት ሴት «ያ በሽታ አለባት» ከተባለች ከምንጭ ውኃ አትቀዳም፣ እሳት አታገኝም፣ ልጇ ጎን የሚቀመጥ ልጅ የለም። እኔ ምንም ሳላውቅ ሁሉንም አውጥቼ፣ አገናኝቼ፣ አቅልሜ ሰቅዬዋለሁ።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ቤታችን መጣ። ደግሞ ጭድ ክምር ሥር ገባሁ። እናቴ መጀመሪያ «አንቱ» እያለች ነበር የምታናግረው። ቆይታ ግን «አንተ» አለችው፤ እናቴ መምህርን አንተ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

«ልጄን ሰላይ አደረግህብኝ! ከገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ማሕፀኔ!»

«አላወቅሁም፣ ወይዘሮ ጌጤ። በእግዚአብሔር ስም አላወቅሁም።»

«ከእንግዲህ እዚያ አልሄድም። እሷ ያየችውን ያላየ የለም ማለት ነው። በቃ።»

«ካልሄዱማ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሰማሁት ጥቂቱን ነው። «...ይቺ ልጅስ? ማን አላት?»

እናቴ አለቀሰች። ከዚያ እሱ «እኔ እሄዳለሁ። ቤተሰቦቼ ነፋስ መውጫ ናቸው፤ ለምን ሄድህ የሚለኝ የለም። እርስዎ ብቻ ፈቅደው የቀጠሮ ወረቀትዎን ይስጡኝ» አለ።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ እናቴ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልመጣም አለች፣ እሱ ደግሞ አፍሮ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው። ደስ አለኝ። ሰኞ ጧት ክፍል ስገባ ግን ሰሌዳው ፊት ቆሞ አገኘሁት። ውሸታም ነው ብዬ ደመደምሁ።

ከዚያ ወዲህ መምህር እንዳልካቸው በየወሩ አንድ ቅዳሜ ነፋስ መውጫ ይሄዳል፤ እሑድ ሲመለስ በእኛ ቤት ያልፋል። ሲመጣ እናቴ ውኃ ቅጂ፣ ጨው ተበደሪ እያለች ታስወጣኛለች። ስለ እኔ ክፉ ሊነግራት እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርሁ። አንድ እሑድ ጨው ፈልጌ ሳጣ ቶሎ ተመለስሁ። ቦርሳውን ከፍቶ ነበር። ውስጡ ሰማያዊ ክዳን ያለው ነጭ ብልቃጥ አየሁ። ሲያየኝ ቶሎ ዘጋው።

ያንኑ የመሰለ ብልቃጥ ጎታችን ውስጥ አለ። በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ሲወዘወዝ እንዴት እንደሚንሿሿ አውቃለሁ። ካርታ ሠርቼበታለሁ። ሆኖም ሁለቱን በአንድ መስመር ማገናኘት አልመጣልኝም። የጠላሁትን ሰው ከእናቴ ጋር የሚያገናኝ መስመር ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም።

የካቲት ላይ ወሬ ተነሣ። የአቶ ክንዱ ዘመድ ነፋስ መውጫ ሄዶ፣ መምህሩ ያን መድኃኒት ከሚሰጡበት ክፍል ሲወጣ አይቶታል። በሳምንቱ የማያውቅ አልነበረም። ወላጆች ልጆቻቸውን ከፊተኛው ወንበር አስነሡ። የሰጠንን ደብተር በነጠላ ጫፍ የሚቀበሉ ልጆች ነበሩ። መምህርት የኔነሽ የምትባል የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረችን፤ እሷና መምህር እንዳልካቸው ከፋሲካ በዓል በኋላ ሊጋቡ ቀን ቆርጠው ነበር። ከትምህርት በኋላ አብረው ይሄዱ የነበረውን መንገድ ለየብቻ መሄድ ጀመሩ። እሱ ለማንም መልስ አልሰጠም። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ እግዚአብሔር ፈረደልኝ አልሁ።

ፍርዱን ግን ለእግዚአብሔር ብቻ አልተውሁትም። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጠመኔ አነሣሁና ሰሌዳው መሐል ክብ ሠራሁ። ውስጡ «መምህር እንዳልካቸው» ብዬ ጻፍሁ። ዙሪያውን፦ በየወሩ ነፋስ መውጫ ይሄዳል። ቦርሳው ውስጥ ብልቃጥ አለ። ከስቷል። መምህርት የኔነሽ ትታዋለች። መስመሮቹን አንድ በአንድ አገናኘሁ። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ሳቁ ድንገት ሲቆም ዞር አልሁ። በሩ ላይ ቆሟል።

ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ የእኛን ሥራ ሲያርም እንደሚያነበው፣ በእርጋታ።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ።»

«ያየሽው ነው?»

«ብልቃጡን አይቸዋለሁ» አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ለአፍታ አየኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ እሱ ነጻ ይወጣ ነበር። እኔና እናቴ ደግሞ አንወጣም ነበር።

«ሁሉም እውነት ነው» አለ። «አንዱም ውሸት የለበትም።»

ማጥፊያውን አልፈለገም፤ በመዳፉ ጠረገው። ከዚያ መጽሐፍ ያላችሁ ገጽ አርባ አንድን ክፈቱ፣ ገልብጡ አለን። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍላችን ውስጥ ካርታ አልተሠራም።

ሆሳዕና ሳይደርስ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። የሄደ ቀን በእኛ ቤት በኩል ነው ያለፈው፤ ሻንጣው ትከሻው ላይ ነበር። እናቴ መንገድ ላይ ወጥታ ጠበቀችው፤ ሲደርስ ግንባሯ መሬት እስኪነካ ሰገደችለት። አፈርሁ፤ ነጠላዋን ይዤ ጎተትኋት። እሱ ደንግጦ አነሣትና «ከእንግዲህ ራስዎ ይሂዱ። ማንንም አይፍሩ፣ ራስዎ ይሂዱ» አላት። ከፊቴ ሂጂልኝ እያላት መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ እናቴ ይዛኝ አርብ ገበያ ወረደች። ገበያ ሳንገባ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። የሚያውቋት ሰዎች በሚያልፉበት በር፣ ፀሐይ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። የጥርስ ሕመም ነው አለችኝ፤ አመንሁ።

ብዙ ነገር ሆኖብናል። እሳት የነፈጉን ነበሩ፣ ያልነፈጉን ነበሩ። የነፈጉን ደግሞ ቀስ በቀስ ተመለሱ። በሽታዋ ምን እንደሆነ ካደግሁ በኋላ ከሰው አፍ ሰማሁ፤ ከእሷ ጋር ግን አንሥተነው አናውቅም ነበር። በ2009 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ኮሌጅ ገባሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ ከሰዓት ባቄላ ስናርም እናቴ ቀና ሳትል ነገረችኝ። የአባቴ ሕመም ወባ እንዳልነበረ። ደምሌን ለምን እምቢ እንዳለች። ከዚያ የመምህሩን ነገር።

«ያን ጊዜ አልሄድም ብዬ ነበር። አምስት ወር እሱ ነው ያመላለሰልኝ። ወሬው ሲነሣ ተው ልንገራቸው አልሁት። ልጅሽን ምን ያደርጓታል አለኝ። የኔነሽም በዚህ ተለየችው።»

ባቄላው መሐል ቁጭ አልሁ።

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«ልጅ ነበርሽ። በኋላ ደግሞ...» አረም ነቀለች። «በኋላ ደግሞ እንዳትፈርጂብኝ ፈራሁ። ፈልጊው፣ ፋሲካ። ስለ እኔ እግሩ ላይ ውደቂልኝ።»

እሺ አልኋት። ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፍሁ ግን አልነገርኋትም። እስካሁንም አታውቅም።

ማግኘቱ ከባድ አልነበረም። ስማዳ እንደሚያስተምር አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነገረችኝ። ተመርቄ የተመደብሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው፤ ከዚያ ስማዳ በመኪና ሄዶ መመለስ ይቻላል። መጀመሪያ ሥራ ልልመድ አልሁ። ከዚያ ክረምቱ ይውጣ አልሁ። ከዚያ ፈተና ደረሰ። እናቴ በስልክ «አገኘሽው?» ትለኛለች፤ «እየፈለግሁ ነው» እላታለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2015 ዓ.ም. የጥር ዕረፍት ላይ ከእስቴና ከስማዳ ለተውጣጡ መምህራን መካነ ኢየሱስ ላይ ሥልጠና ተዘጋጀ። ርእሱ በሐሳብ ካርታ ማስተማር ነው። አሠልጣኟ እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ስም አውጥቻለሁ፤ ከማን እንደተማርሁት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጧት የተሳታፊዎችን ዝርዝር ስቀበል አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ስሙን አየሁት፦ እንዳልካቸው አዳነ።

አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ጠጉሩ ከጆሮው በላይ ነጥቷል፤ አንገቱ ያው ቀጭን ነው። ስሜን ከነአባቴ ስናገር ብዕሩን አስቀመጠ። ሰሌዳው ላይ ክብ መሥራት ጀመርሁ፤ ሳልጨርሰው ጠመኔውን አስቀመጥሁ። ገና ሃያ ደቂቃ ሳንቆይ «ሻይ እንውጣ» አልኋቸው።

ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ሌሎቹ ራቁ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ፋሲካ፣ ይቅር በይኝ።»

በስሕተት የሰማሁ መሰለኝ። «እኔ ነኝ እንጂ መምህር...»

«አይደለም። ያን የቤት ሥራ ባልሰጣችሁ ኖሮ እናትሽ መድኃኒቷን አታቋርጥም ነበር። ከሄድሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ነፋስ መውጫ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ከመዝገባችን ጠፍታለች አሉኝ። በዚያ ጊዜ ጠፋች ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።» ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። «ቤታችሁ መጥቼ ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ፊት አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን ስለ ሰው አንድ ክብ አሠርቼ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት የእናትሽን ነፍስ...»

«መምህር» አልሁት። «እማ በሕይወት አለች።»

አየኝ።

«አለች። እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ራሷ ገባች። ከነፋስ መውጫ የጠፋችው ለዚያ ነው።»

«የት ነው ያለችው?» አለ፤ ያልሁትን እንዳልሰማ።

«ቤቷ።»

ስልኬን አውጥቼ ደወልሁ። በሦስተኛው ጥሪ አነሣች፤ እንደ ልማዷ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እንደምትጣራ ነው የምትናገረው። «ሀሎ! ፋሲካ! ምን ሆነሽ ነው በሥራ ሰዓት?»

ስልኩን ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አስደገፈው። «ሀሎ?» ትላለች እናቴ፣ «ሀሎ?»

«ወይዘሮ ጌጤ» አለ።

ከማዶ የሚሰማው ዶሮ ብቻ ነበር።

«መምህር» አለች። ድምፅዋ እንደዚያ ዝቅ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «አንቱ ነዎት?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «መድኃኒቱን... እየወሰዱ ነው?»

«አንድ ቀን አላጎደልሁም» አለችው።

ከዚያ የሚሉትን አልሰማሁም፤ ራቅ ብዬ ቆምሁ። ሲያለቅስ አየሁት፤ ኋላ ሲስቅም አየሁት። ሠልጣኞቹ ሻያቸውን ጨርሰው በአጠገባችን ወደ አዳራሹ ተመለሱ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስልኩን ሲመልስልኝ ልነግረው ይገባል፤ አለበለዚያ መቼም አልነግረውም።

ጨርሶ ተነሣ። ከፊቱ ላይ አሥር ዓመት የቀነሰ ይመስል ነበር።

«እርስዎ ያደረጉልንን ከነገረችኝ ስድስት ዓመት ሆኗል» አልሁት። «ስማዳ እንዳሉም አውቅ ነበር። ያን ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን እያሰብሁ፣ ፊትዎን ማየት ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

«ስድስት ዓመት» አለ።

ምንም አይደለም ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለኝም። ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠ፤ በእርጋታ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ገብቶ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ ደብተሩን ገለጠ። እኔም ገብቼ ሥልጠናውን ቀጠልሁ።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ በሚገኝበት ሳምንት ሁሉ እናቴ ጋ ይደውላል። ስለ ገብሱ ይጠይቃታል፣ ስለ መድኃኒቷ ይጠይቃታል። እሷ ከእሱ ጋር የተጫወተችውን ለእኔ ትነግረኛለች፤ «ላንቺም ሰላምታ ብሏል» ትላለች፣ ባይልም። ለእኔ አንድም ቀን ደውሎ አያውቅም።